ቀን ዘጠኝ፣ ማታ አምስት

ጥቅምት 4

ለእህቴ ልጅ፣ ለባንኳ እመቤት፣

እንዴት ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ከወገቤ በስተቀር ሙሉ ለሙሉ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ ድምፅዋ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል፣ ከዚህ የበለጠ የጤና ማስረጃ ሐኪምም አይጽፍም። ፈጣሪ አንቺን ከጉንፋንም ከአለቃሽም ይሰውርሽ።

ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት ለሠራተኛው ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እንደገባኝ ከሆነ፣ እዚህ ያለው ባንክ ለብርድ ልብስ ፋብሪካችን ካበደረው ገንዘብ ግማሹን ያንቺ ባንክ ገዝቶታል፤ ሐሳቡን ያቀረብሽውም አንቺ ነሽ። ብድር እንደ አሮጌ ቁም ሣጥን ተሸጦ አገር እንደሚሻገር እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ለማንኛውም ኮራሁ። «ያሳደግኳት ልጅ አበዳሪያችን ሆናለች፤ ከእንግዲህ ፊቴ ያስነጠሰውን አስወርሰዋለሁ» አልኳቸው።

«በመያዣነት የተያዙት አሥራ አራት የሽመና ማሽኖች» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ግን ማንም ጉርሻውን መዋጥ አልቻለም። ጩጬ፣ አምስቱን ከየት ወለድሻቸው? ይህን ሁሉ ዓመት መፍቻ ይዤ የምዞርባቸው ዘጠኝ ናቸው። ሌሎች አምስት ካሉ ዘይት ሳይቀምሱ ኖረዋልና አድራሻቸውን ላኪልኝ፤ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው።

ከተመቸሽ የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ። የአሁኑን ጆሮዬ ላይ የማስረው በክር ነው።

የዘጠኙ ባለሟል፣
አጎትሽ


ጥቅምት 22

ለተከበርከው አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ጤናህን ያብዛልህ። መነጽሩን በሚመጣ ሰው ልኬልሃለሁ።

ጋሼ፣ በእናቴ ይዤሃለሁ፣ አሁን የምጠይቅህን ሳትቀልድ መልስልኝ። ማሽኖቹ የእውነት ዘጠኝ ናቸው? የእናንተ ባንክ ብድሩን ሲሸጥልን ውሉ ላይ በግልጽ ጽፎ ፈርሟል፦ «ባለሙያችን ከቦታው ተገኝቶ አሥራ አራት ማሽኖችን በዓይኑ አይቶ ቆጥሯል።» ገንዘባችንን ያወጣነው ይህንን አምነን ነው። ፋብሪካው ብድሩን መክፈል ቢያቅተው ተሸጠው ገንዘባችንን የሚመልሱት ማሽኖቹ ናቸው። አምስቱ ከሌሉ ባንኩ ዋሽቶናል ማለት ነው። ግዙ ብዬ የተከራከርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

እባክህ ሂድና ቁጠርልኝ። አንድ፣ ሁለት እያልክ። ለማንም አታውራ፣ በተለይ በምሳ ሰዓት።

የምታከብርህ፣
የእህትህ ልጅ


ኅዳር 6

ለደነገጠችው ልጄ፣

እኛ ሁላችን ደህና ነን። መነጽሩ ደርሶኛል፤ የሰው ፊት መጨማደዱን አሁን ገና አየሁት፣ የእኔን ጨምሮ። አመሰግናለሁ፤ ዕድሜ ይስጥሽ።

እንዳልሽው ቆጠርኩ። የበሩን ጥበቃ ምስክር አድርጌ፣ እያንዳንዱን ማሽን በመዳፌ መታ እያደረግኩ ቆጠርኩ። ዘጠኝ። በሌላኛው በኩል ዞረን እንደገና ቆጠርን። ዘጠኝ። ጥበቃው «ጋሼ፣ ወልደው እንደሆነ ብለው ነው?» አለኝ።

አሥራ አራት ከየት እንደመጣ ግን ደርሼበታለሁ። ለማሽኖቹ ስም ያወጣሁላቸው እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። ቀን ቀን ዘጠኙም ይሠራሉ፤ አማቼ፣ ሐኪሙ፣ ኩሩው፣ ወይዘሪት እያልን እንጠራቸዋለን። ማታ የሚሠሩት ከእነዚሁ ከዘጠኙ አምስቱ ብቻ ናቸው። የማታው ፈረቃ አለቃ፣ ያ ኩርፊያም፣ እኔ ያወጣሁትን ስም ከሚጠራ ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣልና የራሱን ስም አወጣላቸው። የእኔ አማች ማታ ኮረዳዋ ናት። የእኔ ሐኪም ማታ ሰካራሙ ነው። እኛ ለምደነዋል። ፈረቃ ስንቀያየር «ሐኪሙን አሞታል» ስላቸው «ሰካራሙን ነው?» ይሉኛል፤ ሥራ ይቀጥላል።

የባንኩ ባለሙያ የመጣ ዕለት ዝናብ ነበር። ጫማው አዲስ ነው፣ ግቢው ጭቃ። እና ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀመጠ። ከማታ ፈረቃ የሚወጡትን «በየትኞቹ ማሽኖች ነው የምትሠሩት?» ብሎ ጠየቀ፤ አምስት ስም ነገሩት። የሚገቡትን ጠየቀ፤ ዘጠኝ ስም ነገሩት። አንዱም ስም ከሌላው አልገጠመለትም። ደመራቸው! ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። የነገረችኝ የሻይ ቤቱ ባለቤት ናት፤ «ደግሞ የሻዩን አልከፈለም» ትላለች።

መጀመሪያ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ደሜ ፈላ። እኔ ያላጠበቅኩትን ቡሎን አጠበቅኩ ብዬ ብሄድ የሰው ጣት ይቆረጣል። ይኼ ሰውዬ ጭቃ ፈርቶ ከበር ሳያልፍ «በዓይኔ አይቼ ቆጠርኩ» ብሎ ይፈርማል፤ ደመወዙም ከእኔ ደመወዝ ስንት እጥፍ ይሆን?

ይኸው ሳልቀልድ ጻፍኩልሽ። ወገቤን አመመኝ።

አጎትሽ


ኅዳር 25

ለውድ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ስለ ፈጣን መልስህ ከልብ አመሰግናለሁ።

ባንካችን የእናንተን ባንክ ከሷል። ክሱ በሐሰት መግለጫ አሳስቶናል፣ ውሉንም አፍርሷል የሚል ነው። ብድሩን መልሶ ይውሰድ፣ ገንዘባችንን ይመልስልን ብለናል። በውሉ መሠረት ጉዳዩን የሚያዩት ሦስት የግልግል ዳኞች ናቸው፤ የሚቀመጡትም እዚያው እናንተ ከተማ ነው። የሻይ ቤቱን ታሪክ ለአለቆቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ ስምህን ግን አላነሳሁም።

ምንም እንዳትጨነቅ። ይህ የሁለት ባንኮች ጠብ ነው። ፋብሪካውን አይነካውም።

የእህትህ ልጅ


ታኅሣሥ 14

ለ«አይነካውም» ባይዋ፣

ጤና ይስጥሽ። የእኔን አትጠይቂኝ።

ነካው። ሰኞ ጠዋት ስንደርስ በሩ ላይ ሰንሰለት፣ ሰንሰለቱ ላይ የባንክ ማኅተም። ያንቺ ባንክ «ገንዘቤን» ሲል የእኛው ባንክ ከየት ያምጣ? ከእኛ ነዋ! ያለባችሁን ባንዴ ክፈሉ ብሎ ለፋብሪካው ጻፈ፤ ፋብሪካው አልቻለም፤ ታሸገ። ክሩ ማሽኖቹ ላይ እንደተወጠረ ነው የቀረው። ዘጠኙም ላይ ግማሽ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሏል። ጣሪያው ያፈሳል፤ ውጥር ክር እርጥበት ሲያገኘው መጀመሪያ ይላላል፣ ከዚያ ይሻግታል። ይህንን በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ ብነግረው «አባት፣ እኔ የታዘዝኩት ሰንሰለቱን እንድጠብቅ ነው» አለኝ። የፈረደበት ሠራተኛ ሻይ ቤቱ ጣሪያ ሥር ተኮልኩሎ ዝናብ ያያል። ኩርፊያሙ እንኳ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ስንት ዓመት ያልተነጋገርን ሰዎች አብረን ባንክ ስንራገም ዋልን።

ይኼ አላለቀም። የእኛው ባንክ ጠበቃ ቤቴ ድረስ መጥቶ ለክሱ የሰጡትን መልስ አሳየኝ። ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው፦ «የፋብሪካው ሠራተኞች፣ በተለይም መካኒኩ፣ ለማሽኖቹ የሐሰት ስም በማውጣት ባለሙያችንን አታለዋል።» መካኒኩ እኔ ነኝ፤ አታላይ ሆኛለሁ። ይሁን፣ ይኼንን ዋጥኩት።

ሁለተኛውን ግን መዋጥ አልቻልኩም። «ከሳሹ ባንክ ቦታውን በሚገባ የምታውቅ ሠራተኛውን ልኮ፣ እሷም በአካል ተገኝታ ማሽኖቹን አረጋግጣለች» ይላል። የሠራተኛዋ ስም ያንቺ ነው። አብሮ የተያያዘው ሪፖርት ላይ ያለው ፊርማም ያንቺ ነው፤ መጻፍ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝና አይጠፋኝም።

መቼ ነው የመጣሽው? መጥተሽ እኔንም እናትሽንም ሳታይ ተመልሰሽ ከሆነ አንጀቴን በጥሰሽዋል። ሳትመጪ መጥቻለሁ ብለሽ ከሆነ ደግሞ ያ ሰውዬ ቢያንስ እስከ ሻይ ቤቱ መጥቷል!

ስልክ አትደውይ። በስልክ ታለቅሺያለሽ፣ እኔም እሸነፋለሁ። ጻፊ።

አጎትሽ


ጥር 18

ለውድ አጎቴ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታህን እለምናለሁ። እዚህ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እናቴን ሳምልኝ።

ስለ ፋብሪካው መታሸግ የተሰማኝን ሐዘን መግለጽ አልችልም። ነገር ግን የምሥራች አለኝ። በውላችን መሠረት የእናንተ ባንክ ያለ እኛ የጽሑፍ ፈቃድ መያዣውን ማሸግ አይችልም። እኛ ደግሞ አልፈቀድንም። ስለዚህ ማሸጉ ራሱ ውል ማፍረስ ነው። አታለሉን የሚሉትም ከዚህ ለማምለጥ ነው፤ በሠራተኛው መታለላቸው ከተረጋገጠ ያለ ፈቃዳችን የማሸግ መብት አላቸው። ማንም እንዳላታለላቸው፣ ባለሙያቸውም ከሻይ ቤት እንዳላለፈ ቆመህ ከመሰከርክ በሩ ይከፈታል። ባንካችን በምስክርነት ይጠራሃል።

ለሠራተኞቹ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ልኬያለሁ። እንዳስፈለገ አከፋፍለው።

የእህትህ ልጅ


ጥር 29

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል። ገንዘብሽን ባመጣው ሰው መልሼልሻለሁ። ሠራተኛው ቢቀበለው ደስ ባለው ነበር፤ ያልተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ ለእነሱም እንደዚያው ነግሬያቸዋለሁ። አንድ ጥያቄ ነው የጠየቅኩሽ። ስለ ውል ጻፍሽ፣ ስለ ፈቃድ ጻፍሽ፣ ስለ ሥራ መብዛት ጻፍሽ። ለዚያች ጥያቄ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልሽ። እኔ እኮ ሞኝ አይደለሁም፤ ሞኝ መስዬ ሰው ማሳቅ ነው የምወደው፣ ሁለቱ ይለያያል።

ጠበቃው ትናንትም መጣ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ነው የሚገባው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ተጫዋች ሰው መሆንዎን ሰምቻለሁ» አለኝ።

«ማን ነገረህ? ዘመድ ነው ወይስ ጠላት?»

«እዚህች ላይ ይፈርሙልኝና ነገሩ ይለቅ። ስሞቹን ያወጣሁት ባለሙያውን ለማሳሳት ነው፣ ለቀልድ ብዬ ነው ይበሉ። ቀልድ ወንጀል አይደለም። ፋብሪካው በነጋታው ይከፈታል።»

«ስሞቹ እኮ ከዚያ ሰውዬ ይበልጣሉ። እሱ ጡት ሲጠባ አማቼ ብርድ ልብስ ትሠራ ነበር።»

«ይፈርሙ፤ ሠራተኛው እኮ እየተራበ ነው።»

«ማን ነው ያስራበው?» አልኩና ተነሣሁ። እናትሽ የወጥ ቤቱን በር ከፍታ ስታየው ቦርሳውን አነሣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ግን ዞር ብሎ ፈገግ አለ። «እንግዲያው ችሎት እንገናኝ። የእህትዎ ልጅ መጥታ ነበር ወይ ብዬ እጠይቅዎታለሁ» ብሎኝ ሄደ።

ይኸው። ይጠይቀኛል። እምላለሁ፣ ከዚያ ይጠይቀኛል። ምን እንድል ነው የምትፈልጊው? አሁን ጻፊልኝ፤ በራስሽ እጅ፣ ያለ ውል ቁጥር።

አጎትሽ


የካቲት 12

ጋሼ፣

አልመጣሁም።

ውሉ የእኛም ሰው ሄዶ ማሽኖቹን እንዲያይ ያዝ ነበርና ባንኩ ሂጂ ብሎኝ ነበር፤ ቲኬትም ተቆርጦልኝ ነበር። በመሐሉ አለቃዬ ሪፖርቱ ባስቸኳይ ይፈለጋል አለኝ። የእናንተ ባንክ ተቆጥረዋል ብሎ ፈርሟል። ቦታውን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ ከማሽኖቹ ሥር ክር ስለቅም ነው ያደግኩት። ሌላ ሰው ልኬ ምን ያይልኛል አልኩና ተገኝቼ አረጋግጫለሁ ብዬ ፈረምኩ። ፋብሪካው ሲሰፋ ማሽን ተጨምሮለት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ደስ ብሎኝም ነበር።

አሁን ያ ነገር ከታወቀ እዚህ አልቆይም። ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም፣ ሌላ ባንክም አይቀጥረኝም። የቤት ዕዳ አለብኝ። እዚህ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አንተ ታውቃለህ።

መጥታ ነበር በልልኝ። እኔ ቤት አድራ ሄደች በል፣ ማንም አይጠይቅህም። ዕድሜህን ሙሉ ሰው ለማሳቅ ስንት የውሸት ታሪክ ፈጥረሃል? የኩርፊያሙን ብስክሌት ሰማይ ወሰደው ብለህ ሠፈሩን ሁሉ አሳምነህ የለም? ለሰው ሁሉ ስትዋሽ ኖረህ ለእኔ አንዲት ቃል ይከብድሃል?

ሌላ ነገር ጠይቄህ አላውቅም።


መጋቢት 2

ለእህቴ ልጅ፣

እናትሽ ደህና ናት። ምን እንደተፈጠረ እስካሁን አልነገርኳት፤ ዛሬ እነግራታለሁ።

ችሎቱ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ በየሰው ፊት የታሸገ ውኃ። ያንቺ ባንክ ጠበቆች በአንድ በኩል፣ የእኛዎቹ በሌላ በኩል፤ ልብሳቸው ያው ነው፣ ቦታ ቢቀያየሩ ማንም አያውቅባቸውም። ባለሙያውም አለ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ባለሙያው ፋብሪካው ውስጥ ገብቶ ነበር ወይ ተባልኩ። «እስከ ሻዩ ድረስ ገብቷል» አልኩ። ከዳኞቹ አንደኛው ሳል ያዘው። ባለ ሽቶው ጠበቃ ተነሥቶ፣ አንድን ማሽን በሁለት ስም መጥራት ማታለል አይደለም ወይ አለኝ። «ጌታዬ፣ እኔንም እህቴ በአንድ ስም፣ አበዳሪዬ በሌላ ስም ነው የሚጠሩኝ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ግን የአንድ ሰው ነው» አልኩት። አዳራሹ ሳቀ። ያንቺ ባንክ ሰዎች ከሁሉ በላይ ሳቁ።

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና ጠየቀኝ። «የእህትዎ ልጅ ማሽኖቹን ለማየት መጥታ ነበር?»

ደብዳቤሽ የኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ከእኔ ቀጥሎ የሚመሰክረው የበሩ ጥበቃ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እኔ መጥታለች ብል እሱ አላየኋትም ይላል፤ ያን ጊዜ የሻይ ቤቱም ታሪክ ውሸት ይሆናል፣ ሰንሰለቱም በሩ ላይ ይቀራል። ስለ ሠራተኛው ብዬ ነው እውነቱን የተናገርኩት ብልሽ ጥሩ መልስ ይሆን ነበር። ግን ይኼንን ሁሉ ያሰብኩት ከጨረስኩ በኋላ ነው። ያን ሰዓት ያሰብኩት ምንም የለም። ተናድጄ ነበር። «አልመጣችም» አልኩ። ሰዎቹ እንደ ቅድሙ የሚያስቅ ነገር እጨምር እንደሆነ ጠበቁ። «አምስት ዓመት ሙሉ አልመጣችም» አልኩ፤ ውኃውን ልከፍት ብል ክዳኑ እምቢ አለኝ፤ እኔ መካኒኩ።

ዳኞቹ የወሰኑትን ሰምተሻል። የመሐለኛዋ ዳኛ «ሁለታችሁም ያላያችሁትን አየን ብላችሁ ፈርማችኋል» አለቻቸው። የእኛው ባንክ ሐሰት ተናግሯል፤ ያንቺ ባንክም አያለሁ ብሎ የገባውን ቃል አልጠበቀም፤ ኪሣራውን እኩል ይካፈሉ። ያለ ፈቃድ ማሸጉ ግን ውል ማፍረስ ነው፤ ሠራተኛውም ማንንም አላታለለም፤ ሰንሰለቱ ይነሣ።

ተነሣ። ገባን። ሦስቱ ማሽኖች ላይ ያለው ክር ሻግቶ በእጅ ሲነኩት ይበጠሳል። በቢላ ቆርጬ ጣልኩት። የቀሩት ከነግማሽ ብርድ ልብሳቸው ተነሡ። ሰው ሁሉ ጀርባዬን እየመታ አመሰገነኝ። ኩርፊያሙ ሳይቀር ሻይ ጋበዘኝ። አንዱም አልጣመኝም።

ይቅርታ አልልሽም። አንቺም ይቅርታ በይኝ አልልሽም። ስደቢኝ። እንደ እናትሽ ጮክ ብለሽ ስደቢኝ። ዝም ብቻ አትበይኝ።

አጎትሽ


መጋቢት 20

አጎቴ፣

ሰላምታ የለኝም፤ ምርቃትም የለኝም።

ከሥራ ወጥቻለሁ። የመግቢያ ካርዴን በሩ ላይ ተቀበሉኝ። አብራኝ ምሳ ትበላ የነበረች ልጅ ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

በዚህ አይደለም የተናደድኩት። «አልመጣችም» ማለትህንም ልቀበለው እችል ነበር። አልመጣሁምና። የምስክርነት ቃልህን ግን አንብቤዋለሁ፤ ቃል በቃል ተጽፎ መጥቶልናል። «አምስት ዓመት ሙሉ»! ማን ጠየቀህ? ጠበቃው ስለ ማሽን ነው የጠየቀህ። አንተ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ሆድህ ውስጥ የቀበርከውን ነገር እዚያ ዘረገፍከው፤ ለሦስት ዳኛ፣ ለባለ ሽቶው ጠበቃ፣ ጭቃ ለሚፈራው ሰውዬ! ለእኔ መቼ ነገርከኝ? ደብዳቤዎችህን ሁሉ አውጥቼ አነበብኳቸው። አንዱም ላይ «ነይ» የሚል ቃል የለም። ቀልድ አለ። የወገብ ሕመም አለ። መነጽር ላኪ አለ። እኔ ደግሞ የጎደለው መነጽር ብቻ መስሎኝ መነጽር ላኩ። ያሳቀኝን ሰው ደህና ነው ብዬ አሰብኩ። እንደዚህ አድርጎ ሰው ያሳድጋል? እንደዚህ አድርጎ ሰው ይናፍቃል? የማትረባ፣ ግትር፣ ኩራተኛ ሽማግሌ ነህ። እናቴ እንዲህ ብላ ስትሰድብህ ትክክል ናት፤ ሁልጊዜም ትክክል ነበረች።

ገና አልጨረስኩም፣ ግን ወረቀት ላይ አይወጣልኝም። ሐሙስ እገባለሁ። ልቀበልሽ ብለህ እንዳትወጣ። ልጠይቅህ እንዳይመስልህ የምመጣው፤ ልጣላህ ነው፤ ጠቡም እስኪያልቅ ድረስ አልመለስም።